የአመለወርቅ ሚዜ

ሚያዝያ 29 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አመለወርቅ የቤታችንን በር ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። ባሌ ደምሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የተከራየውን ጥቁር ሱፍ ሱሪ ለብሶ፣ ጫማውን በጨርቅ ይወለውል ነበር። እኔ የሙሽራው ወገን ይዞት የሚሄደውን ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ እጠቀልላለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ አልጋው፣ የእህል በርሜሉና ቴሌቪዥኑ ከገቡባት በኋላ ለሰው መቆሚያ የሚቀረው ከበሩ እስከ አልጋው ያለው ብቻ ነው። አመለወርቅ እዚያ ላይ ቆመች። ከቤተ ክርስቲያን መምጣቷ ነው፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች ነበር። ደምሌን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና "አምሮብሃል ሚዜዬ፤ ለኔ ሠርግ እንኳ ሱፍ አልለበስክም" አለችው።

በዚያ ቀን የሚዳረው አሥር አለቃ ምንይችል ታፈረ ነው። የደምሌ የአክስት ልጅ ሲሆን፣ እስከ መጋቢት ድረስ ደግሞ የአመለወርቅ ባል ነበር። ሙሽራዋ ዕፀገነት የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ናት፤ ወንድሟ ከምንይችል ጋር በአንድ ሻለቃ ስለሆነ ነገሩ በእሱ በኩል የመጣ ነው። ስለ እሷ ክፉ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ሠርጉ የተጣደፈው በሁለት ምክንያት ነው። ምንይችል የወጣው በሠላሳ ቀን ፈቃድ ነው፤ ፋሲካን ከቤት ውሎ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ደግሞ ማክሰኞ ልደታ ነች፤ ግንቦት ይገባል፤ በእኛ አገር በግንቦት የሚዳር የለም። ግንቦት ሳያልቅ የሐዋርያት ጾም ይያዛል፤ ከዚያ ክረምት ነው። ስለዚህ ወይ ያቺ እሑድ፣ ወይ የሚመጣው ዓመት ነበር። ከፍቺው እስከ ሠርጉ ስንት ሳምንት እንደሆነ የቆጠረ ሰው ቢኖርም ጮክ ብሎ አልቆጠረም።

አመለወርቅን ምንይችል ያገባት በ2010 በጥር ነው። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል የቤተ ልሔም ደብር ሰው ነበሩ፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ልጃቸውን ሊሸኙ ሲሉ ሦስቱን ሚዜዎች ፊታቸው አስቀመጡና የአንደኛውን ሚዜ፣ የደምሌን ቀኝ እጅ ይዘው "ይህች ልጅ ወንድም የላትም። ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ አንተ ነህ። ባሏ ቢበድላት ወደኔ ሳትመጣ ወዳንተ ትመጣለች፤ እንዳትመልሳት" አሉት። ደምሌም በታቦት ማለ። ይህ ለየትኛውም ሚዜ የሚባል ነው፤ ሚዜ የሆነ ሁሉ ይምላል፤ አብዛኛው ሰው መሐላውን ከሠርጉ ጠላ ጋር ይጨርሰዋል። ደምሌ ለዓውደ ዓመት ደጇን ይረግጣል፤ እሷም "ሚዜዬ" ትለዋለች፤ ከዚህ ያለፈ ነገር አልነበረም። የቀሩት ሁለቱ ሚዜዎች የምንይችል የጦር ጓደኞች ነበሩ፤ ሁለቱም ከጦርነቱ አልተመለሱም። ስለዚህ ምንይችል ለሁለተኛው ሠርግ ሚዜ ሲፈልግ አብሮ አደጉ ደምሌ ብቻ ቀርቶት ነበር። አንድ ሰው ለአንድ ባል ሁለት ጊዜ ሚዜ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ደምሌ እሺ ብሎት ስልኩን ሲዘጋ "ምን ልበለው ታዲያ?" አለኝ።

"ሚዜ ሆነህ እንደምትሄድ ከሱቅ ነው የሰማሁት" አለች አመለወርቅ፤ ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። "ሂድ፤ አልከለክልህም። መጀመሪያ ግን የኔን ጨርስ።"

"ምኑን ልጨርስ እህቴ?"

"ምንይችልን አምጣልኝ። ሽማግሌ ፈታኝ፤ ስልክ ፈታኝ፤ እሱ አልፈታኝም። ፊቴ ቆሞ በአፉ ፈትቼሻለሁ ይበለኝ። በምን እንደፈታኝም ይንገረኝ። ከዚያ በኋላ ይዳር።"

"ዛሬ? በሠርጉ ቀን?"

"ለፈቃድ ከመጣ ጀምሮ በደጄ አላለፈም፤ በጓሮ እየዞረ ነው ገበያ የሚወርደው። ዛሬ ማታ ሌላ ሴት ቤቱ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ባሌን አምጡልኝ ብል የሰው ቤት አፍራሽ እባላለሁ። መቼ ላግኘው?"

ደምሌ ጫማውን ተመለከተ። እሷም እኔን "ዳቦው ጥሩ ኩፍ ብሏል" ብላኝ ወጣች። ደምሌ የወለወለውን ጫማ እንደገና መወልወል ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ ያሉትን ሁላችንም እናውቀው ነበር። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ የንፋስ መውጫ ሰው ግማሹ ወደ ደብረ ታቦር፣ ግማሹ ወደ ገጠር ሸሸ። የምንይችል እናት እትዬ አበራሽ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፤ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው አልተገኘም። ባላቸው አያ ታፈረ ከብቶቹን ነድተው ወጡ። አመለወርቅ ከአማቷ ጋር ቀረች። ስንመለስ እትዬ አበራሽ ሞተው ተቀብረው፣ አመለወርቅም ቤቱን ጠርጋ ተቀምጣ አገኘናት። ከዚያ ወሬው ተጀመረ። ወጣት ሴት ብቻዋን ያን ያህል ጊዜ እንዴት ከረመች የሚል ወሬ ነው፤ ውሃ ቦኖው ላይ ይወራል፤ እሷ ጀሪካኗን ይዛ ስትመጣ ይቆማል። ምን እንደደረሰባት ወይም እንዳልደረሰባት የጠየቃት ሰው የለም። ወሬው ምንይችል ያለበት ድረስ ሄደ። እሱ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ደውሎ የሚጨቃጨቅ ሰው አይደለም፤ መደወሉን ብቻ ተወ። በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም፣ አያ ታፈረ ሦስት ሽማግሌ ሰበሰቡ። ስልኩ ስፒከሩ ተከፍቶ ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠ፤ ምንይችልም ከጦር ክፍሉ ሆኖ "መለያየቱ ይሻላል፤ እናንተ እንዳያችሁት አድርጉት" አለ። አመለወርቅ በዚያ ሰዓት ጓዳ ነበረች። ከጨረሱ በኋላ ጠርተው ነገሯት፤ ያን ጊዜ ስልኩ ተዘግቷል። አልጋዋን፣ የልብስ ስፌት መኪናዋንና ድርሻዋን ስንዴ በጋሪ አስጭና ወደ ደብረ ታቦር መውጫ አንዲት ክፍል ተከራየች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች።

ሁለት ሰዓት ላይ እኔና ደምሌ አያ ታፈረ ግቢ ደረስን። ግቢው ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ደጁ ላይ የደምሌ ጎሚስታ ቤት አለች፤ ከአያ ታፈረ አጥር ጋር በቆርቆሮ የተያያዘች፤ በዝምድና ኪራይ የማይከፈልባት። ከወልድያ የሚመጣ የጭነት መኪና ጎማው ሲፈነዳ እሱ ጋ ነው የሚቆመው። በዚያ ቀን ተዘግታ፣ በሯ ላይ የሠርጉ ዘንባባ ተሰክቶባት ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ከመካነ ኢየሱስ ደርሶ መልስ በዐሥራ አራት ሺህ ብር የተኮናተረችው ሚኒባስ በሪባን ተጊጣ ቆማለች፤ ሾፌሩ አሁኑኑ ካልተነሣን ምሳ ያልፈናል እያለ ይነጫነጫል። ሴቶቹ ከበሮውን ማሟሟቅ ጀምረዋል። የምንይችል አክስት እትዬ አበባየሁ ከመሀላቸው ተነሥታ "ኧረ ዘፈኑን ቀይሩት! ለዚያኛው ያወጣነው አልበረከተም" ስትል ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። አያ ታፈረ በአጠገባቸው ሲያልፉ ሳቁ ቆመና ከበሮው ብቻ ቀረ።

ምንይችል በውስጠኛው ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጧል። የወታደር ቦርሳው ጥግ ላይ እንደታሠረ ነው፤ ሊፈታውም አልፈለገም፤ ከአራት ቀን በኋላ መልሶ የሚያስረው ነው። ፀጉሩ ከሥር ተላጭቷል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንኳ ጀርባውን አያስደግፍም። የአጎቱ ልጅ ሚኪ፣ ሁለተኛው ሚዜ፣ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጸዋል፤ "ፈገግ በል እንጂ አሥር አለቃ፤ ሠርግ ነው፣ ጥበቃ አይደለም" ይለዋል።

ደምሌ ገብቶ "ሚኪ፣ ውጣልን" አለ።

"እየቀረጽኩ ነው እኮ።"

"ውጣ አልኩህ።"

እኔ ዳቦውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ነኝ፤ ሚኪ ዞሮኝ ወጣ። ደምሌ ንግግር አያውቅም። አመለወርቅ ያለችውን እንዳለችው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረው። ምንይችል እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ከረባቱን አስተካከለ፤ የተስተካከለ ነበር።

"ምን እላታለሁ?" አለ።

"የምታውቀውን።"

"ሽማግሌ የጨረሰው ነገር ነው እኮ።"

"ሽማግሌ የጨረሰው የሽማግሌውን ነው። እሷ ወዳንተ አልሄደችም፤ ወደኔ ነው የመጣችው። እኔ ደግሞ እጄን ይዘው አስምለውኛል። አታደርገውም ካልክ አልጣላህም፤ ግን ሌላ ሚዜ ፈልግ።"

አያ ታፈረ ከኋላዬ መጥተው ሰምተው ኖሯል። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማይጨምሩ ሰው ናቸው። "ሙሽራ የፈታት ሴት ደጅ ቆሞ ሲሄድ በየት አገር ነው ያየኸው?" አሉ። "ገደ ቢስ ነገር አታምጣብን። ልጅቱ ድርሻዋን ወስዳ ወጥታለች። ያጎደልንባት የለም።"

"አያ፣ እኔ ምያለሁ" አለ ደምሌ።

"የማልከው ለሚስቱ ነው። አሁን ሚስቱ አይደለችም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አያ፤ ለሚስትነቷ አልማልኩም። ለእሷ ነው የማልኩት።"

ውጪ ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። "እንግዲያው" አሉ አያ ታፈረ፣ "ለእሷ የምትቆም ከሆነ ጎማህን ከደጄ ታነሣለህ።" ይህን ሲሉ ወደ ደምሌ አልተመለከቱም፤ ወደ መስኮቱ ነው። ደምሌ በዚያች ጎሚስታ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፤ ሌላ ገቢ አልነበረንም። እኔ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ነገር ግን ዳቦው ከብዶኝ ስለነበር በሌላኛው እጄ ስለውጠው ጊዜው አለፈ። ደምሌ "እሺ፤ ይነሣል" አለ።

ያን ጊዜ ምንይችል ተነሣ። ኮቱን ከሚስማሩ አውርዶ ለበሰ። አባቱንም ደምሌንም ሳያይ "መንገዳችን በዚያው ነው" አለና ወጣ። አባት ልጃቸውን ተከትለው "ምንይችል" አሉ አንድ ጊዜ፤ እሱ መራመዱን ቀጠለ። እሳቸው ሙሽራ የሚቀበሉ ስለሆኑ ከግቢው አይወጡም፤ ቀሩ።

ሚኒባሷ ውስጥ ዐሥራ ሰባት ሰው ነበርን፤ የተፈቀደላት ለዐሥራ ሁለት ነው። እትዬ አበባየሁ ከበሮውን በጉልበቷ መሀል ይዛለች። ከግቢው እስከ መውጫው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሴቶቹ ዘፈን ጀምረው ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርሱ ደምሌ ሾፌሩን "አቁም" አለው። ሾፌሩ "ገና ከከተማ ሳንወጣ ሽንት?" አለ። አቆመ። ዘፈኑ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ስታጨበጭብ ቀርታ እሷም ተወችው።

አመለወርቅ ደጇ ላይ ነበረች። ነጠላዋን አውልቃ የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ የልብስ መለኪያ ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው። በስተኋላዋ በተከፈተው በር ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ የስፌት መኪናው ላይ እንደተዘረጋ ይታያል። ሪባን የለበሰች መኪና ደጃቸው ስለቆመች የሠፈሩ ሴቶችና ልጆች ወጡ፤ አንዷ እልል ልትል ጀምራ ማን እንደወረደ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ምንይችል ከአመለወርቅ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ እግሩን ገጥሞ ቆመ። ደምሌ በመካከላቸው ሳይሆን ከእሷ በስተቀኝ ቆመ። እኔ የተቀመጥኩት በመስኮቱ በኩል ነው፤ መስኮቱም ክፍት ነበር።

"እንኳን ደህና መጣህ" አለች።

"እንኳን ደህና ቆየሽ።"

"ግባ አልልህም፤ ሙሽራ ነህ።"

"እዚሁ ይሻላል።"

"ፈትቶሻል አሉኝ። ካንተ አልሰማሁም።"

ምንይችል ጫማውን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ፣ ለአለቃ እንደሚመልስ ዓይነት፣ "ፈትቼሻለሁ" አለ።

"በምን?"

አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ አቧራው እስኪያርፍ ሁሉም ጠበቀ። "ሰው ብዙ ነገር ነገረኝ" አለ።

"አንተስ ምን ጠየቅኸኝ?"

"ምንም።"

"ምነው?"

"ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው" አለ ምንይችል። ይህን ሲናገር ድምፁ ቀነሰ፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት "ምን አለ? ምን አለ?" እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር።

አመለወርቅ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ ጠቀለለችው። "ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር" አለች። "አሁን እንደሆነም እንዳልሆነም አልነግርህም። እሱን የምነግረው ለባሌ ነበር፤ አንተ ዛሬ የሰው ባል ነህ። የእናትህን ግን ልንገርህ፤ እሱ የኔ አይደለም። ልጄን ልጄን እያሉ ሞቱ የሚሉህ ውሸት ነው። ስምህን አልጠሩም። ውሃ አምጪ አሉኝ፣ አጠጣኋቸው፣ ሰዓቱ ስንት ነው አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ ተኙ። አልተሠቃዩም። ሳይሸሹ ከቀሩ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆኜ ቀበርኳቸው። እኔ ነኝ ያጠብኳቸው።"

ምንይችል ራሱን ነቀነቀ። ሾፌሩ "ጎበዝ፣ ኧረ መሸ!" አለ፤ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሆነም።

"በል ሂድ" አለች አመለወርቅ፣ "ግንቦት ሳይገባብህ።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ምንይችል ዞሮ ወደ መኪናው መጣና እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ተመለከተ። ደምሌ ካለበት አልተነቃነቀም። ደረቱ ላይ የተሰካችውን የሚዜ አበባ እየነቀለ ነው።

"ደምሌ፣ ግባ እንጂ።"

"እኔ የዚህ ቤት ሚዜ ነኝ" አለ ደምሌ። አበባዋን በመስኮት ለሚኪ አቀበለው።

ሚኪ አበባዋን ይዞ ምንይችልን አየ፤ ምንይችል ፊት ወንበር ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔም መውረድ እንዳለብኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ድፎ ዳቦውን እትዬ አበባየሁ ጉልበት ላይ አስቀምጬ በሰው እግር መካከል እየተሹለከለክሁ ወረድኩ። መካነ ኢየሱስን አይቻት አላውቅም ነበር፤ ለዚያ ቀን ብዬ ያሠራሁት ቀሚስ ነበር የለበስኩት። እትዬ አበባየሁ በመስኮት ብቅ ብላ "አይ ፈትለወርቅ! ባልሽ ሠርጋችንን ልቅሶ አደረገው" አለችኝ፤ ተቆጥታ አልነበረም። መኪናዋ ሄደች። ዘፈኑ የተጀመረው ከተማውን ከጨረሱ በኋላ ይመስለኛል፤ ከደጁ አልተሰማም።

አመለወርቅ ወደ ቤት አስገባችን። አልጋና የስፌት መኪና፣ አንድ በርጩማ፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ፣ ጥግ ላይ የስንዴ ጆንያ። አላለቀሰችም። ደምሌን በርጩማው ላይ አስቀመጠችውና "ሻይ ላፍላ?" አለች፤ መልስ ሳትጠብቅ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የጀመረችውን ኮሌታ ጨረሰች። ኋላ ደምሌ አያ ታፈረ ያሉትን ነገራት። እግሯን ከመኪናው ላይ አነሣች። "ይህ ደጅ ሰፊ ነው" አለች፤ "አከራዬን እኔ አናግራታለሁ።"

ከሰዓት በኋላ ደምሌ ጋሪ ተከራይቶ ኮምፕሬሰሩን፣ ክሪኩን፣ አሮጌዎቹን ጎማዎችና የጣሪያውን ቆርቆሮ ከአያ ታፈረ አጥር ነቅሎ ወደ አመለወርቅ ደጅ አጓጓዘ። አያ ታፈረ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ያዩታል፤ እሱም ያያቸዋል። ምናልባት ተወው ይሉት እንደሆነ ብዬ ሚስማሩን ቀስ እያልኩ ነበር የምለቅመው። አላሉም። በመጨረሻው ጭነት ላይ ሲደርስ አንዲት ልጅ ልከው የሠርጉን ጠላ በጣሳ ሰጡት። ቆሞ ጠጣው፤ ጣሳውን መለሰ። ሱፉን በማግሥቱ ለባለቤቱ ስንመልስ ጉልበቱ ላይ ግራሶ ነበረበት።

ማታ ሙሽሮቹ ሲገቡ በደጃችን ነው ያለፉት። ዕፀገነት ቬሎዋን ለብሳ በመስኮት ስትመለከት አየኋት፤ ደንግጣ ነበር፣ ሙሽራ ሁሉ እንደሚደነግጠው። አንደኛው ሚዜ የት አለ ብለው ወላጆቿ ጠይቀው አሞታል እንደተባለ ሚኪ በስልክ ነገረን። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ምንይችል ግንቦት 3 ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ በዓመቱ ሚስቱን ወደሚሠራበት ከተማ ወሰዳት፤ ወንድ ልጅ አላቸው። አያ ታፈረ ከዚያ ወዲህ ከደምሌ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ እንጂ አይነጋገሩም ነበር። አመለወርቅ አላገባችም። ደምሌ በጥር 2017 በኩላሊት ሕመም ሞተ። ልቅሶው ላይ አመለወርቅ ከእህቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ ዓመት ሙሉም ጥቁር ለበሰች።